መጥኖ መጨመር፦ ከዐቢይ ጾም ማስታወሻዬ

ሰኞ፣ መጋቢት 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ጾሙ ከተያዘ አንድ ወር ሊሞላው ነው። ሠርግ የለም፤ ካሜራዎቹም በቦርሳቸው ናቸው። ለእኛ ለሠርግ ቪዲዮ ሠሪዎች ዐቢይ ጾም የጥገና ወቅት ነው፤ የትሪፖድ ብሎን ይጠብቃል፣ ባትሪ ይፈተሻል፣ የሞላ ዲስክ ይገለበጣል። ዘንድሮ ግን ሐሳቤን ሁሉ የያዘው ኮምፒውተሩ ነው።

በጥር የሆነው አልወጣልኝም። አንዲት እናት የልጃቸውን የሠርግ ፊልም ሊወስዱ ከደብረ ብርሃን መጡ። ልጅቷ በማግስቱ ወደ ውጭ በራሪ ናት። በቀጠርኳቸው ሰዓት ፊልሙ አላለቀም። እናትየዋ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ስክሪኑ ላይ የምትጎተተውን ሰማያዊ መስመር ሁለት ሰዓት ያህል ሲያዩ ቆዩ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ያን ዕለት ግን ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ከፋሲካ በኋላ የቀጠርኩት ሰዓት ይከበራል።

አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አቅሙ የለም። ያለን ያገለገለ ሆኖ የገዛነው ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል በ2011 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ያወጣው ኮር አይ 7-2600ኬ። አራት ኮር አለው፤ መነሻ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ አራቱም ኮር አብረው ሲሠሩ 3.5 ይደርሳል። የአንድ ሰዓት ፊልም ሬንደር ለማድረግ፣ ማለትም የተቀናበረውን ወደ አንድ ያለቀ ፊልም ለመለወጥ፣ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይፈጅበታል።

በቀረጻም በቅንብርም የሚያግዘኝ የእህቴ ልጅ ዛሬ ቡና እየጠጣን፣ «ጋሼ፣ ለምን ኦቨርክሎክ አናደርገውም?» አለኝ። ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ እናስኪደው ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፤ ማሽኑ ይፈቅዳል። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። መሠረታዊው ምት 100 ሜጋኸርዝ ነው፤ ያ በ34 ወይም በ35 ይባዛል። በስሙ መጨረሻ ያለችው «ኬ» ማባዣው አልተቆለፈም ማለት ናት። ማዘርቦርዱም ዜድ 68 ስለሆነ ማባዣውን ከፍ ለማድረግ አይከለክልም። የዚህ ሙያ ታሪክም የቆየ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር፣ ሰዎች ምቱን ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ አሳድገው ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ ያወጡት ነበር።

እንሞክረዋለን አልኩት። እስከ ፋሲካ ጊዜ አለን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6 ቀን

የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ወደሆነው ባዮስ ገብተን ማባዣውን 42 አደረግነው፤ 4.2 ጊጋኸርዝ ማለት ነው። ቮልቴጁን ማዘርቦርዱ ራሱ እንዲመርጥ ተውነው። ዊንዶውስ ያለ ችግር ተነሣ። ልጁ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ።

ሬንደሩን ጀምረን የሙቀት መለኪያውን ጎን ለጎን ከፈትን። 60፣ 75፣ 88። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ 98 ደርሶ እዚያው ቆመ። የቆመው ግን በርዶ አይደለም። የዚህ ፕሮሰሰር የመጨረሻ ጣሪያ 98 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቁጥሩን ስናይ 4.2 የነበረው ወደ 3.6፣ ከዚያም ወደ 3.3 እየወረደ፣ እንደገና ወደ ላይ እየዘለለ ነበር። ፊልሙ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ አለቀ። ያን ሁሉ ሙቀት አቃጥለን ያተረፍነው 5 ደቂቃ ነው።

ማሽኑን አጥፍተን ጎኑን ከፈትን። ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ማቀዝቀዣ ክብ አሉሚኒየም ነው፤ መሀሉ ላይ መዳብ አለው፣ በአራት የፕላስቲክ እግሮች ማዘርቦርዱን ይነክሳል። ከአራቱ እግሮች አንዱ ወጥቷል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣው በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ተቀምጧል። በአሉሚኒየሙ ክንፎች መካከል አቧራው ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል። ሳነሣው፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ እንደ ጠመኔ ተፈረፈረ።

ፔስቱ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። ሁለት ብረት ሲነካካ ለዓይን የገጠመ ይመስላል እንጂ፣ በመካከሉ ብዙ ጥቃቅን ክፍተት አለ፤ በዚያ ውስጥ የሚቀረው አየር ሙቀት በቅጡ አያሳልፍም። ፔስቱ ያንን አየር አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። ሲደርቅ አየሩ ይመለሳል። እኛ ያደረግነው ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት ላይ ማገዶ መጨመር ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8 ቀን

ግንብ የመሰለ አዲስ ማቀዝቀዣ ገዛን። አራት የመዳብ ቱቦዎች ከታች ፕሮሰሰሩን ይነካሉ፣ ወደ ላይ ወጥተው በስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች መካከል ያልፋሉ፤ በጎኑ 120 ሚሊ ሜትር ፋን አለው።

የእህቴ ልጅ ቱቦዎቹ ድፍን መዳብ መስለውት ነበር። ውስጣቸው ባዶ ነው፣ ጥቂት ፈሳሽ ብቻ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ። አየሩ ተመጥጦ ወጥቶ ስለታሸገ ውሃው በትንሽ ሙቀት ይተናል። እንፋሎቱ ሙቀቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከቅጠሎቹ ጋር ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ውሃ ሆኖ በቱቦው ግድግዳ ይመለሳል። ወጥ በተጣደበት ድስት ክዳን ላይ እንፋሎቱ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ እንደሚንጠባጠበው ነው። ይህን ስነግረው ቱቦውን በጣቱ እየዳሰሰ ዝም ብሎ አየው።

አሮጌውን ፔስት በአልኮልና በጥጥ ጠርገን፣ ፕሮሰሰሩ እንደ መስታወት እስኪያበራ አጸዳን። ከአዲሱ ፔስት የአተር ፍሬ ያህል ብቻ መሀሉ ላይ አደረግን። ሲበዛ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ፔስት ከመዳብ ጋር ሲተያይ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ደካማ ነው። ሥራው ክፍተት መሙላት እንጂ ንጣፍ መሆን አይደለም። ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ ተራ በተራ አጠበቅን። የፋኑን አቅጣጫ ሁለት ጊዜ አረጋገጥን፤ ከፊት የገባው አየር ማቀዝቀዣውን አልፎ በጀርባ እንዲወጣ። በጀርባም ሌላ ፋን ጨመርን። የቱንም ያህል ጥሩ ማቀዝቀዣ ቢገዛ፣ ሳጥኑ ውስጥ የታፈነውን ትኩስ አየር መልሶ መልሶ የሚያዞር ከሆነ ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ የአገራችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም፣ የሚገፋው አየር በክብደት ያንሳል፤ ስለዚህ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። ከተማችን ቀዝቃዛ መሆኗ ይክሰናል፤ ነገር ግን ሌላ አገር የተለካን ቁጥር እንዳለ ወስዶ «እኔም ጋ እንዲሁ ይሆናል» ማለት አይቻልም። የራስን መለካት ነው።

በ4.2 እንደገና ሬንደር አደረግን። ማዘርቦርዱ ራሱ በመረጠው ቮልቴጅ 77 ዲግሪ ላይ ረጋ። ሙቀቱ መንገድ አገኘ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11 ቀን

ዛሬ ማባዣውን 45 አደረግነው። ሬንደሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደና ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። አምፖሉ ግን በርቷል፤ መብራት አልሄደም። ሙቀቱ ሲጠፋ 83 ነበር፤ ከጣሪያው ገና ሩቅ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መደናገጥ አያስፈልግም፤ ማሽኑ የሚናገርበት ሦስት ቋንቋ አለው። ሳይጠፋ ከተንቀረፈፈ፣ ሙቀት በዝቶበታል። ሰማያዊ ስክሪን ካሳየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለጠየቅነው ፍጥነት ቮልቴጅ አንሶታል። እንደ ተነቀለ ሶኬት ድርግም ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ ነው።

ፓወር ሰፕላዩን ዘወር አድርጌ ከጎኑ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። በትልቁ «500 ዋት» ይላል። ከሥሩ ባለው ሠንጠረዥ ግን 12 ቮልቱ 16 አምፔር ብቻ ነው። 12 ሲባዛ በ16፣ 192 ዋት። የቀረው ዋት በ5 ቮልትና በ3.3 ቮልት ላይ የተደመረ ነው፤ የዛሬ ኮምፒውተር ደግሞ ከእነዚያ የሚወስደው ጥቂት ነው። ፕሮሰሰሩም ቪዲዮ ካርዱም የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ ነው። ይህን ዕቃ ስገዛ ያየሁት ትልቁን ቁጥር ነበር። መታየት ያለበት ግን ትንሹ ቁጥር ነው።

ወደ ፒያሳ፣ ኮምፒውተር ወደሚጠግን ወዳጄ ማሽኑን ይዤ ሄድኩ። ቴስተሩን አወጣና ቀዩን ጫፍ በቢጫው ሽቦ፣ ጥቁሩን በጥቁሩ ላይ አደረገ። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ 12.1 ቮልት። ሬንደሩን ስናስጀምረው 11.6፣ 11.4፣ 11.3። «አየህ ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ከ11.4 በታች ወርዷል።» ደንቡ 12 ቮልቱ በመቶ 5 ብቻ እንዲወዛወዝ ይፈቅዳል፤ ከ11.4 እስከ 12.6 መሆኑ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከኋላው ቀይ መቀየሪያ ያለው አሮጌ ዓይነት ነው፤ የቤታችን መብራት ሲወርድ አብሮ ይወርዳል።

ልከፍተው ስል እጄን ያዘኝ። የ220 ቮልት መብራት ውስጡ ሲቀና 310 ቮልት ያህል ይሆናል፤ ያ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ሙያው የሌለው ሰው ፓወር ሰፕላይ አይከፍትም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 15 ቀን

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ ይባላል። ዛሬ መጥነን ገዛን። ከመውጣታችን በፊት ወረቀት ላይ ሒሳቡን አስቀመጥን።

ፕሮሰሰሩ በፋብሪካው ልክ 95 ዋት ነው። የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በእጥፍ ድርብ ያድጋል፤ ማለትም ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚገባው። በ3.5 ጊጋኸርዝ 1.18 ቮልት ይወስድ የነበረው በ4.5 ጊጋኸርዝ 1.36 ቮልት ቢፈልግ፣ 95 ዋቱ 162 ዋት ይሆናል። ይህን በ1.36 ስናካፍለው 119 አምፔር ነው! አንድ የእንጀራ ምጣድ ከግድግዳው የሚወስደው ሃያ አምፔር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ይህ ሁሉ አምፔር ጥፍር በምታክል ድንጋይ ውስጥ ያልፋል።

ከ12 ቮልት ወደ 1.36 የሚያወርደው ማዘርቦርዱ ላይ፣ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ነው። እሱም ሲሠራ ጥቂት በሙቀት ያባክናል። ስለዚህ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው 180 ዋት ገደማ፣ በ12 ቮልት ሲሰላ 15 አምፔር ነው። አሮጌው ፓወር ሰፕላይ በጠቅላላው የነበረው 16 አምፔር ነው። ቪዲዮ ካርዱ፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ለብቻው እስከ 75 ዋት ይወስዳል። ማዘርቦርዱን፣ ሜሞሪውን፣ ዲስኮቹንና ፋኖቹን ስንደምር ጠቅላላው 300 ዋት አካባቢ ሆነ።

550 ዋት ገዛን፤ 12 ቮልቱ ብቻውን 45 አምፔር፣ 540 ዋት የሚችል። ሻጩ ከዚያ የሚበልጥ ሊሰጠን ፈልጎ ነበር። አያስፈልግም አልኩት፤ ፓወር ሰፕላይ ብክነቱ ትንሽ የሚሆነው በአቅሙ አጋማሽ አካባቢ ሲሠራ ነው። 80 ፕላስ የሚባለው ምልክት የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ከግድግዳ የወሰደውን ምን ያህሉን ለማሽኑ እንደሚያደርስ። የእኛው የወርቁ ደረጃ ነው፤ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ያደርሳል። የቀረችው አንዷ እጅ ሙቀት ሆና በጀርባው ትወጣለች።

ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ሶኬት ስምንት ቀዳዳ ነው። አሮጌው ባለ አራት ገመድ ስለነበር ግማሹ ባዶ ነበር። ዛሬ ስምንቱንም ሞላን። ያ ሁሉ አምፔር በሁለት ሽቦ ከሚተላለፍ በአራት ሲካፈል፣ ሶኬቱ አይግልም። ገመዱን ሬንደር ላይ በእጄ ያዝኩት፤ ለብ እንኳ አላለም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18 ቀን

አሁን ድርግም ማለቱ ቀረ። በምትኩ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ በመጀመሪያው ሌሊት 0x124፣ በሁለተኛው 0x101። የዚህ ዘመን ፕሮሰሰር ላይ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ቮልቴጅ አንሷል የሚሉ ናቸው። ቮልቴጁን ለማዘርቦርዱ ምርጫ መተዉን ትተን በእጃችን ያዝነው፤ 1.30 ሞከርን፣ 1.32፣ 1.34። በየእርከኑ የምንፈትነው ፕራይም 95 በተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው ሜርሴን የሚባሉትን፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን ታላላቅ ቁጥሮች ለመፈለግ ነው፤ ስሌቱን ራሱ እያረመ ስለሚሄድ ፕሮሰሰሩ አንዲት ስህተት ብትወጣው ይይዛታል።

ሌላም ተማርን። ባዮስ ላይ 1.36 ብለን ብንጽፍም፣ ሥራው ሲከብድ ቮልቴጁ ይሰምጣል። ይህን የሚመልስ ሎድ ላይን ካሊብሬሽን የሚባል ማስተካከያ አለ። ልጁ የመጨረሻውን እርከን ሊመርጥ ነበር፤ ከለከልኩት። እዚያ ላይ ሥራው በድንገት ሲቆም ቮልቴጁ ከጻፍነው በላይ ለቅጽበት ይዘላል፤ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅና ሙቀት ደግሞ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን የብረት መስመሮች በጊዜ ብዛት ይበላቸዋል። መካከለኛውን ያዝን።

በ1.36 ስድስት ሰዓት ሙሉ ያለ ስህተት ሄደ። 84 ዲግሪ።

ልጁ በዚያው ሌሊት የክብረ ወሰን ታሪክ ሲነግረኝ አመሸ። በ2011 እ.ኤ.አ. የኤኤምዲ ኤፍኤክስ-8150 8.429 ጊጋኸርዝ ደርሶ ጊነስ መዝግቦታል፤ ያቀዘቀዙት በፈሳሽ ናይትሮጅንና በፈሳሽ ሂሊየም ነበር። ናይትሮጅን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው። ያ ለደቂቃዎች የሚሆን ውድድር ነው፤ ብቃቱንም አከብራለሁ። የእኛ ማሽን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ጠዋት አንዲት እናት እጅ ላይ ፊልም ማኖር አለበት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 22 ቀን

ቅዳሜ ጠዋት በግቢያችን እንጀራ ይጋገራል። ዛሬ ቴስተሩን ግድግዳው ሶኬት ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። 221። የመጀመሪያው ምጣድ ሲሰካ 209። ሁለተኛው ቤት ሲሰካ 194። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ የሰፈራችን ሽቦ ደግሞ ቀጭንና ረጅም ነው። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ስለሚቀበል 12 ቮልቱ 12.0 ላይ ሳይነቃነቅ ቆየ። አሮጌው በዚህ ሰዓት ምን ይሆን እንደነበር አሁን ይገባኛል።

የቀረን መብራት ሲሄድ የሚሆነው ነው። የነበረችንን ባለ ባትሪ ዩፒኤስ ሰክተን ሶኬቱን ነቀልን። ዩፒኤሷ ጮኸች፣ ፓወር ሰፕላዩ ጉም ጉም አለ፣ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ባትሪው አልሞተም። ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጎረቤት አሉን፤ ጠርቻቸው መጡ። ሻይ እየጠጡ አብራሩልን። የግድግዳው መብራት እንደ ሞገድ ለስልሶ ይወጣል፣ ለስልሶ ይወርዳል። የርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ የሚያወጣው ግን እንደ ደረጃ የተቆረጠ ነው። እንደ አዲሱ ያለ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ የሚወስደውን ከሞገዱ ቅርጽ ጋር እያስማማ ነው የሚወስደው፤ ቅርጹ ሲሰበርበት አንዳንዱ ይደናበራል።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ንጹሕ ሳይን የሚያወጣ ፈልግ፤» አሉኝ። «ከዚያ በፊት ግን መሬቱን አሳየኝ።»

ዲቫይደሩን ገልብጠው አዩት። የመሬት ሽቦው ተቆርጦ ነበር። ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ራሳቸው ቀጠሉት፤ ከእንግዲህ ወዲያ ያለ መሬት ሽቦ ማሽን እንዳይሰካ አደራ አሉት።

ያገለገለ፣ 1000 ቪኤ የሆነ፣ ንጹሕ ሳይን የሚያወጣ ዩፒኤስ ማምሻውን አገኘን። መስመሩ ተቋርጦ ወደ ባትሪ ለመዞር ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅበታል። የፓወር ሰፕላይ ደንብ ደግሞ መብራት ከተቋረጠ በኋላ 16 ሚሊ ሴኮንድ ያህል በራሱ ክምችት እንዲያዘግም ይጠይቃል። የዩፒኤሱ መዞሪያ ጊዜ ከዚያ ካነሰ ማሽኑ መብራት መሄዱን አያውቅም። ነቀልነው፤ ሰማያዊዋ መስመር መጓዟን ቀጠለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 25 ቀን

ዛሬ አንዱን ፊልም በሦስት ልክ ሬንደር አድርገን በደብተር አሰፈርነው።

በፋብሪካው ልክ፣ 3.5 ጊጋኸርዝ፣ 1.18 ቮልት፦ 126 ደቂቃ። በ4.2 ጊጋኸርዝ፣ በእጃችን በመጠንነው 1.24 ቮልት፦ 107 ደቂቃ፣ 71 ዲግሪ። በ4.5 ጊጋኸርዝ፣ 1.36 ቮልት፦ 100 ደቂቃ፣ 84 ዲግሪ።

ልጁ ወዲያው 4.5 ላይ ጣቱን አኖረ። ፓወሩ ይችላል፣ ማቀዝቀዣው ይችላል፣ ፈተናውን አልፏል። ሐሳቡ ትክክል ነው። እኔ ግን ሌላ ዓምድ ጨመርኩ፤ ዋት። ሒሳቡ በቅደም ተከተል 95፣ 126፣ 162 ይሰጣል። ከፋብሪካው ወደ 4.2 ስንወጣ 31 ዋት ከፍለን 19 ደቂቃ አገኘን። ከ4.2 ወደ 4.5 ስንወጣ ግን 36 ዋት ከፍለን 7 ደቂቃ ብቻ ነው ያገኘነው። ፍጥነቱ በመቶ 7 ጨመረ፤ ኃይሉ በመቶ 29። ምክንያቱ ያ በራሱ የሚባዛው ቮልቴጅ ነው። እስከ አንድ ቦታ ድረስ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን በቀላሉ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዷ እርከን ቮልቴጅ ይጠይቃል፣ ቮልቴጁም ሙቀት ይወልዳል።

«ሰባት ደቂቃም እኮ ሰባት ደቂቃ ነው፣ ጋሼ።»

«ልክ ነህ ልጄ። ግን ያችን ሰባት ደቂቃ ማን ነው የሚሸከማት? ዛሬ ክፍሉ 24 ዲግሪ ነው። አቧራው ሁለት ወር ተጠራቅሞ፣ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር 30 ሲሆንስ? 84 የነበረው 90 ያልፋል። በ4.2 ግን 71 የነበረው 80 እንኳ አይሞላም።»

ዝም ብሎ አሰበ። ከዚያ ራሱ ቀጠለበት፤ በ4.2 ከሆነ ፋኑ ይቀንሳል፣ በጎን ድምፅ ሲስተካከል ጩኸቱ አይረብሽም፤ ዩፒኤሱም መብራት ሲሄድ ብዙ ይቆይልናል። እኔ ያላሰብኩትን ነው የጨመረልኝ። ማባዣውን ራሱ 42 ላይ አደረገው።

በዚህ ወር የተማርኩት ይህ ነው። ፍጥነት ባዮስ ውስጥ የሚጻፍ ቁጥር ብቻ አይደለም። ከግድግዳው ሶኬት ይነሣል፣ በሽቦው ያልፋል፣ በፓወር ሰፕላዩ ይጣራል፣ በፕሮሰሰሩ ይሠራል፣ ሙቀት ሆኖ በፋኑ ይወጣል። ከዚህ መስመር ላይ አንዱ ያልቻለውን ሌላው አይችልለትም። ስለዚህ የሚጨምር ሰው አስቀድሞ የሚሸከመውን ይጠይቅ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 8 ቀን

ትናንት ዳግም ትንሣኤ ነበር፤ ሠርጉ ተጀመረ። የቀረጽነው ሰሚት አካባቢ ነው። ሙሽራዋ ዛሬ ማታ ወደ መቀሌ ስለምትሄድ፣ አጭሩ ፊልም ለ10 ሰዓት ተቀጥሯል።

ሌሊቱን አቀናብረን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሬንደሩን ለቀቅነው። 4 ሰዓት ሊሆን ሲል መብራት ሄደ። ድሮ ቢሆን ልቤ ከሥራው ጋር አብሮ ይቆም ነበር። ዩፒኤሱ ጮኸ፤ የእህቴ ልጅ ሳይቸኩል ሬንደሩን አቆመ፣ ፕሮጀክቱን አስቀመጠ፣ ማሽኑን በሥርዓቱ አጠፋ። ባትሪው የ9 ደቂቃ ነው፤ እሱ የፈጀው ሁለት ብቻ ነበር። መብራት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሰ። ሬንደሩን ከመጀመሪያው ጀመርነው፤ ያም ሆኖ 8 ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።

አባትየው 10 ሰዓት ላይ መጡ። ፍላሹ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሊቀመጡ ወንበር ስበው ሳለ፣ «አልቋል፣ አባቴ» አልኳቸው። ቆመው ሳይቀመጡ የመጀመሪያዋን ደቂቃ አዩ፤ ልጃቸው ከቤት ስትወጣ ጉልበታቸውን ስትስም። መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉት።

ከሄዱ በኋላ የሳጥኑን ጎን ከፈትኩ። ልጁ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈባት ትንሽ ወረቀት ለጥፏል፤ «42። 1.24 ቮልት። 71 ዲግሪ። 12.0። የመሬት ሽቦ አለ።» ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩበት፤ «አቧራ ማጽዳት፦ ግንቦት 8።»